ከባህሩ በላይ የነበረው ጫካ

ትናንት ኖርዝ ሜልቦርን ከምኖርበት ፎቅ ሥር ሠራተኞች አንድ ባህር ዛፍ ሲቆርጡ፣ የእርጥብ ሰጋቱራ ሽታ በመስኮት ገባ። የአባዬ ጃኬት ሽታ ነበር። እሱ ከሞተ ወዲህ ያ ሽታ ቤታችን ገብቶ አያውቅም።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ወሎ ቀርታ፣ እዚህ እኔና አባዬ ብቻ ነበርን። እሱ ከከተማው ርቆ፣ ባህሩ ዳር ካለ ጫካ ግንድ የሚያመላልስ ትራክ ይነዳል፤ የሚመጣው አርብ አርብ ነው። እኔ ጎረቤታችን ሴትዮ ቤት እሰነብታለሁ። ልጆቿ በእንግሊዝኛ ሲንጫጩ የምመልሰው ስለሌለኝ በረንዳ ላይ ቆሜ መንገድ አያለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ ይዞኝ ሄደ። ያን ጫካ እንዴት ብዬ ልግለጸው? ባንጋጥጥም የዛፎቹ ጫፍ አይታይም። ብርሃኑ በቅጠሉ መሃል ተንጠባጥቦ ነው መሬት የሚደርሰው። ከታች ባህሩ ይሰማል።

«የኛ አገር ባህር ዛፍ ዘመዶቹ እዚህ ናቸው» አለኝ አባዬ።

በመካከሉ ጠጠሯ ጥርት ብሎ የሚታይ ጅረት ትወርዳለች። አባዬ ለዙሁር፣ ለቀትር ሶላት፣ እጅና እግሩን ታጥቦ ውዱ የሚያደርገው እዚያ ነበር። «ነይ ቅመሺው፤ አያትሽ ደጅ ያለውን ውሃ ነው የሚመስለው» አለኝ። ቀዝቃዛ ነው፤ ቅጠል ቅጠል ይላል። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ብቸኝነት ያልተሰማኝ ያን ቀን ነው።

በዓመቱ ስንመለስ ጫካው የነበረበት ተዳፋት ራቁቱን ነበር። ጉቶና አመድ ብቻ። ነፋሱ የሚያግደው ስላጣ ፊታችንን ይመታናል፤ የወፍ ድምፅ የለም። ጅረቷ ጭቃ ተሸክማ ትወርዳለች፤ ባህሩም እሷ ከገባችበት ጀምሮ ሩቅ ድረስ ደፍርሷል።

አባዬ ቁጢጥ ብሎ እጁን ነከረ። መዳፉ ላይ የቀረውን ጭቃ አየው፣ አየውና አራገፈው።

«መኪና ውስጥ ውሃ አለ» አልኩት።

ከፕላስቲክ ጠርሙስ እያፈሰስኩለት እግሩን ታጠበ። ሰግዶ ሲጨርስ አልተነሳም።

«ግንዱን እኔ ነኝ የጫንኩት» አለ።

«መልሶ ያቆጠቁጣል ትል አልነበር?»

በጣቱ ወደ ደፈረሰው ባህር አሳየኝ። «አፈሩ ሄደ እኮ፣ ልጄ። በምን ላይ ያቆጠቁጣል?»

ብዙም ሳይቆይ ያን ሥራ ትቶ ከተማው ዳር፣ ሜልተን ያለ አንድ መጋዘን ሥራ ገባ። ሺፍቱን ጨርሶ በየቀኑ ቤት ይመጣል፤ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። ግን ራቱን በልቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ይቀመጣል። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ እናፍቀው ጀመር።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁ ሰሞን፣ አንድ እሑድ ጠዋት የመኪናውን ቁልፍ አንስቼ «ጫካው ጋ ልውሰድህ?» አልኩት። ፊቱ በራ። ጫማውን እንኳ ማጥለቅ ጀምሮ ነበር። አንዱን እግር እንዳጠለቀ ቆመ።

«ሄደን ማንን እንጠይቃለን?» አለኝ።

ቁልፉን አስቀምጬ፣ ጎንበስ ብዬ ጫማውን አወለቅኩለት።