ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ ደጄ የቆመ ለት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ በአንድ እሑድ ጠዋት ነው። ሠፈሩ በሙሉ ቆሞ አይቷል። ግን ሁሉም እንደ መሰለው ነው የሚያወራው፤ አንዱ ጨካኝ ያደርገኛል፣ ሌላው ጻድቅ። እንደሆነው አድርጎ የሚጽፈው ሰው ስለጠፋ እኔው ጻፍኩት።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። የትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ከሳሙና መጠቅለያና ከክብሪት ቀፎ ላይ ነው፤ ማንም አላስተማረኝም። ከላሊበላ እስከ ፍላቂት ወፍጮ ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነኝ። ከከተማ የመጣ መካኒክ ፈታትቶ የተወውን ሞተር፣ ድምፁን ብቻ ሰምቼ በሽታውን ተናግሬ አውቃለሁ። ጉራ ነው የሚል ካለ ወፍጮ ቤቶቹን ሄዶ ይጠይቅ።

ለዚህ ያበቃኝ ክፉ ቀን ነው። ያን ጊዜ አባቴ ሁለት ወንዶች ልጆችና ባዶ ጎተራ ነበረው። ታናሼን አበጀን፣ የቤተ ክህነት ትምህርት እንዲማር ብሎ ገነተ ማርያም አካባቢ ለሚኖር ቄስ አጎታችን ሰጠው። እኔን ግን ቁልቁል ወርዶ፣ በወልድያ መንገድ ዳር ላለ ሙስሊም የእህል ነጋዴ አስረከበኝ። ሰውየው ጋሽ ይመር ይባላሉ። ጆንያ ልሸከም፣ በቅሎ ልጭን ነው የገባሁት፤ ወፍጮም የለመድኩት እዚያው ነው።

እኛ ዘንድ የሌላውን ሃይማኖት ሥጋ መብላት ሃይማኖት መለወጥ ነው። ጋሽ ይመር ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁ ነበር። እነሱ ፍየል ባረዱ ቀን ለእኔ ሽሮ ይሠራል። «አንተ አደራ ነህ፤ እንደመጣህ ትመለሳለህ» ይሉኛል። ለፋሲካ ዶሮ ገዝተው፣ ክርስቲያን የሆነ ሸማኔ ጎረቤታቸውን ጠርተው ያሳርዱልኛል። የአንገቴ ማተብ ያረጀ ጊዜ ባለቤታቸው ጥቁር ክር በጣታቸው ገምደው አሠሩልኝ። እንዲህ ያለ ቤት ነው ያሳደገኝ።

አገሬ ገብቼ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ አርጅቻለሁ። ባለፈው ዓመት የማርያም ማኅበራችን እኔን ሙሴ፣ ማለትም ኃላፊ አድርጎ ሊመርጠኝ ተሰበሰበ። ጽዋው ተባርኮ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ስሜ ተጠራ። ወንድሜ፣ አሁን ቄስ አበጀ፣ መስቀሉን እንደያዘ ተነሣ።

«እስላም ቤት ያደገ ሰው ማኅበር አይመራም» አለ። «ሥጋቸውን በልቶ ንስሐ ሳይገባ የመጣ ሰው ነው። ወንድሜ ስለሆነ እውነቱን አልደብቅም።»

ከማኅበርተኛው አንድ እንኳ «ኧረ ቄሴ» ያለው የለም። ዳቦዬን ገበታው ላይ አስቀምጬ ተነሣሁ። «እኔ ብሞት ቀብሬ ላይ እንዳትቆም!» ብዬው ወጣሁ።

ነገሩ የአጥቢያው አስተዳዳሪ ጆሮ ደረሰ። «ከወንድምህ ሳትታረቅ መቅደስ አትገባም» አሉት። አበጀ ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዳሴ እንጂ ሌላ ሥራ አያውቅም። ሌላው ሲቀድስ እሱ ከደጀ ሰላሙ ግንብ ሥር ቁጭ ይል ጀመር። ጺሙ ተንጨባሮ፣ ፊቱ ጠቁሮ አየሁት። አላዘንኩለትም።

ሽማግሌዎች ተመላለሱ። አፈ ጉባኤያቸው አያ ደምሴ የሚባሉ ጎረቤቴ ናቸው።

«ወንድምዎ ናቸው፤ ደግሞ ቄስ ናቸው» አሉኝ።

«ቄስነቱን ማን ነካበት? ወንድምነቱን ግን ራሱ ጥሎታል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው እህሉን ሲያስፈጭ ወደኔ ይመጣል። የሚለውን ያኔ እሰማዋለሁ።»

ወሬው በሹፌሮች አፍ ቆላ ወረደ። አንድ ቀን የጋሽ ይመር ልጅ ዘይነባ፣ አብራኝ ያደገችው፣ በልጇ አይሱዙ መጥታ ከደጄ ወረደች። ጸጉሯ ሸብቷል፤ ምላሷ ግን ያው ነው።

«አንቱ አልልህም፤ አፍንጫህን ስትጠርግ ነው የማውቅህ» አለችኝ። «በል ተነሣ። ማኅበርህ ፊት ቁርዓን ይዤ ልማል። እኛ ቤት ሥጋ አልበላህም።»

«የትም አንሄድም።»

«ለምን?»

«አንቺ ከማልሽ የአባትሽ ቤት ነውር ነበረበት ማለት ነው። ታጥቤ የማስለቅቀው እድፍ የለኝም።»

«ወላሂ፣ አንተን ትዕቢትህ ነው የሚቀብርህ! ላንተ ብዬ መሰለህ የመጣሁት? የታማው አባቴ ነው!»

ሻሿን አጥብቃ ወጣች። ገበያ የሄደች መስሎኝ ነበር። ለካ የአበጀን ቤት ጠይቃ ሄዳለች።

በኋላ እንደነገረችኝ፣ እዚያ ስለ ሥጋ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ተማሪ ቤት እያለህ የበላኸው ገብስ ከየት ይመጣ ነበር ብላ ጠየቀችው። «ከአጎቴ ጎተራ» አላት። «ለአጎትህስ ማን ሰጠው? የወንድምህ ጉልበት ነዋ!» አለችው። አባቴና ጋሽ ይመር የተዋዋሉት እንዲህ ነበር፤ እኔ ስሠራ፣ የድካሜ ዋጋ ገብስ ሆኖ በበቅሎ ወደ ደጋ፣ ወደ አጎታችን ቤት ይወጣል። አበጀ ዲቁና እስኪቀበል ድረስ እንዲህ ነው የኖረው። በቅሎዎቹን የምጭናቸው እኔ ነበርኩ።

ለምን አልነገርከውም የሚለኝ አለ። ስላልጠየቀኝ። ያበላሁትን ሰው አፉ ላይ ቆሜ የምቆጥር ሰው አይደለሁም።

እሑድ ጠዋት ሕዝቡ ከቅዳሴ ሲወጣ አበጀ ሽማግሌዎችን አስከትሎ መጣ፤ ዘይነባም ገና ወደ ቆላ አልወረደችም ነበር። እኛ አገር በዳይ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ይቆማል። ተበዳዩ «ይቅር ብያለሁ፣ ጣለው» እስኪለው አያወርድም። አበጀም ተሸክሞ ነበር። ድንጋዩ ትንሽ አልነበረም። እኔ ከመደቤ አልተነሣሁም።

«ለማን ነው የተሸከምከው?» አልኩት።

«ላንተ ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«እኔን ሥጋ በላ ማለትህን ልተወው። እነ ጋሽ ይመርን ግን አደራ በሊታ አደረግካቸው። ልጃቸው ያቻት፣ በሩ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ወደሷ ዙር።»

አያ ደምሴ አማተቡ። «እግዚኦ! ቄስ ለእስላም ሴት ድንጋይ ይሸከማል እንዴ?»

«ገብሷንስ ሲበላ የት ነበሩ?» አልኳቸው።

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋ አመለጣትና በነጠላዋ አፈነችው። የአበጀ ላብ በጺሙ ላይ ይወርዳል። አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ዞረ። ከበፊቱ ዝቅ ብሎ አጎነበሰላት። «እትዬ ዘይነባ፣ አባትዎን አምቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ» አለ።

እሷ መች ታስጨርሰዋለች! «አውፍ ብያለሁ፣ ቄሴ፣ አውፍ! ኧረ አንገትዎ ይቀጫል!» ብላ በገዛ እጇ ድንጋዩን ጎትታ ጣለችው። አያ ደምሴ እግራቸውን ባያሸሹ ኖሮ ጣታቸው አልቆ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ሽማግሌዎቹ «ተፈጸመ!» ተባባሉ።

እኔ ግን ገና ይቅር ብያለሁ አላልኩም።

«ማን አውርጂለት አለሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«የድርሻዬን ነው ያወረድኩት። ያንተ ከቀረ መልሰህ ጫንበት!» አለችኝ።

አበጀ ማጅራቱን እያሸ ያየኛል። ድንጋዩ እግሩ ሥር ነው፤ አንሣው ብዬው ቢሆን ያነሣው ነበር።

«አንተስ፣ ወንድም ጋሼ?» አለኝ።

«ሂድ ቀድስ» አልኩት። ተነሥቼ ወደ ውስጥ ገባሁ።

ሰዎች ይቅር ያልኩት ይመስላቸዋል። እኔ ያልኩት ቀድስ ነው። ይቅርታ ሌላ ቃል ነው፤ ትርጉሙንም አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ከአፌ አልወጣም። ሙሴ ሁን ብለው ቢለምኑኝም ያን ቀን ዝም ላለ ማኅበር አልሆንም ብያቸዋለሁ። መስቀል የምሳለመው ከሌላ ካህን እጅ ነው።

ተራው ደርሶ አበጀ ሲቀድስ ግን አልቀርም። በወንዶቹ በኩል ቆሜ እሰማዋለሁ። ዜማው ያምራል፤ በአገሩ የሚስተካከለው የለም። ያንን ጉሮሮ ያጠነከረው እኔ የጫንኩት ገብስ ነው፤ በዚያ እኮራለሁ። ሰውየውን ግን እስካሁን አልወደድኩትም።