ጋሼ እስኪቀምሱት ድረስ

ጠዋት ወተት ያለፈበት ቧንቧ፣ ረፋዱ ላይ የጾም ወተት ያልፍበታል። የምሠራበት የወተት ማቀነባበሪያ ትንሽ ነው፤ ያለው አንድ ማፍያ፣ አንድ መሙያ ማሽንና ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ መስመር ቧንቧ ነው። ረቡዕና ዓርብ ከአኩሪ አተር የምንሠራው የጾም ወተት ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ በጾም ቀን የጠዋቱ ወተት ካለፈ በኋላ መስመሩ ይፈታል፣ ይታጠባል፣ መልሶ ይገጠማል። መፍታትና መግጠም የእኔ ሥራ ነው። ማጠቡ የጋሼ ነው።

ጋሼ የምንላቸው በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡትን አጣቢ ነው። ቤታቸው እንጦጦ ማርያም አጠገብ ነው። ጠዋት ቁልቁለቱን በእግራቸው ወርደው ይመጣሉ፤ ከሥራ በኋላ የጾም ወተት ጠርሙሶች በፌስታል ይዘው አቀበቱን ይወጣሉ። ወተቱ ለእሳቸው ብቻ አይደለም። ጨጓራ ያለባቸው ጎረቤቶቻቸው ያስመጡታል። ከመውሰዳቸው በፊት ግን የላም ወተት ያልነካው መሆኑን ጋሼ በምን እንደሚያውቁ ይጠይቃሉ። የጋሼ መልስ አንድ ነው፤ «እኔ ቀምሼዋለሁ።»

እውነትም ይቀምሳሉ። እጥበቱ ካበቃ በኋላ ለብ ያለ ውሃ በመስመሩ ውስጥ ይለቀቃል። ጋሼ ከመሙያው አፍ በብርጭቆ ይቀዳሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያቆዩታል፣ ይውጡታል። ንጹሕ ከሆነ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ካልሆነ የቀረውን ይደፉና እንደገና እንጀምራለን። ከውጭ ይመጣ የነበረው መመርመሪያ ወረቀት ካለቀ ቆይቷል። ቢኖርም ጋሼ ወረቀት የሚያምኑ አይመስለኝም።

ችግሩ ሰዓቱ ነበር። ከእንጦጦ ማዶ በአህያ የሚመጣው የጠዋት ወተት አንድ ሰዓት ላይ አልፎ ያበቃል። የጾም ወተቱ መሞላት የሚጀምረው ግን ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ሾላ ገበያ ዙሪያ ያሉት ካፌዎች የጠዋቱን የጾም ማኪያቶ በሌሎች ፋብሪካዎች ወተት ሸጠው ጨርሰዋል።

የፋብሪካው ባለቤት በጥቂት ላሞች ሥራ የጀመሩ ሴት ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ከጥምቀት በኋላ ሰበሰቡንና በአጭሩ ነገሩን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ወተት የሚጠጣው ሰው ይቀንሳል። ላም ግን አትጾምም፤ ወተቱ በየቀኑ ይመጣል። ስለዚህ በጾሙ ወራት በየዕለቱ መጀመሪያ ወተት፣ ቀጥሎ የጾም ወተት መሥራት ሊኖርብን ነው። ከወተት ወደ ጾም ወተት ቅየራው በየዕለቱ ግማሽ ቀን የሚበላ ከሆነ አይሆንም።

«በአራት ሰዓት መኪናዬ ተጭና ካልወጣች የጾሙን ወተት እተወዋለሁ» አሉ። «እንደ ድሮው የቀን ሠራተኛው እስከ ፋሲካ ቤቱ ይቀመጣል። ነነዌ ላይ እንሞክረው።»

ጾመ ነነዌ ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ የሚገባ የሦስት ቀን ጾም ነው። የቀን ሠራተኛ የሚባለው ደግሞ ግማሻችን ነው። ጋሼም ከዚያው ውስጥ ናቸው።

እኔ ስለ ቅየራ የማውቀውን ያወቅሁት ሲግናል ሰፈር ታክሲ ስጠብቅ ስልኬ ላይ ከማያቸው ቪዲዮዎች ነው። ብዙዎቹ ከእኛ ጋር የማይገናኙ ትልልቅ ፋብሪካዎችን ያሳያሉ። ነገሩ ግን የገባኝ ታክሲው ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው። ረዳቱ ሂሳብ የሚሰበስበው መኪናው እየሄደ እንጂ በር ላይ አቁሞ አይደለም። ሰው ሲወርድ የሚቀረው መውረድ ብቻ ነው። እኛ ግን ሁሉንም የምናደርገው ቆመን ነበር። ወተቱ አልፎ ካለቀ በኋላ ነው ውሃ የምናሞቀው፣ መፍቻ የምንፈልገው፣ ያረጀውን የላስቲክ ቀለበት በአዲስ ለመተካት እስከ ዕቃ ቤት የምንመላለሰው።

በስልኬ ሙሉ ቅየራውን ቀረጽኩና ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን አየሁት። አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው እጃችን ማሽኑ ላይ ሳይሆን እግራችን ወለሉ ላይ ሲመላለስ ነበር። ከተጣለ ብረት አንድ ጋሪ በየድኩ። መፍቻዎቹን በሚፈለጉበት ቅደም ተከተል ደረደርኩበት፤ ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ የታጠበ ቀለበት በአጠገቡ አስቀመጥኩ። ውሃው ወተቱ ገና እያለፈ ሳለ እንዲሞቅ አደረግን። ብሎን የነበረበትን መጋጠሚያ በእጅ በሚጠብቅ ማሰሪያ ቀየርኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የመፍታትና የመግጠሙ ሰዓት ከግማሽ በታች ወረደ።

የጾም ወተቱ ግን መሞላት የሚጀምረው አሁንም ከስድስት ሰዓት በኋላ ነው።

ይህ አልገባኝም ነበር። እኔ ያተረፍኩትን ሁሉ አንድ ቦታ የሚበላው አለ። አንድ ረቡዕ መብራት ጠፋና ቅየራውን በጣም ዘግይተን ጀመርን። ለካፌዎቹ ማታ ብቻ እንደሚደርስ ገምቼ ነበር። የጨረስነው ግን እንደ ወትሮው ስድስት ሰዓት እንዳለፈ ነው። ቀደም ብለን ስንጀምርም ስድስት፣ ዘግይተን ስንጀምርም ስድስት። ያን ጊዜ ማሽኑን ማየት ትቼ ጋሼን አየሁ።

ከሥራ ስንወጣ አቀበቱን አብሬያቸው ጀመርኩ።

«ቤትህ ወደ ታች አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

«ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት ብዬ ነው።»

«አንተ ልትናገር? እንግዲያ ቆመን እንስማ።» እውነትም ቆሙ።

«ረቡዕ ረቡዕ ጾም የሚፈቱት ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት። ጉልበት ሳለ ዘጠኝ ነበር።»

«ከዚያ በፊት ውሃም አይቀምሱም?»

«ውሃም።»

ጥቂት ከተራመድን በኋላ ጋሼ ራሳቸው ቀጠሉት። «ስለዚህ ማሽኑን የያዘው የእኔ ጉሮሮ ነው።»

«ጉሮሮዎ አይደለም። ስድስት ሰዓት ነው።»

«ታዲያ እስከዚያ ምን ስሠራ ነበር?»

«ሲያጥቡ ነበር። የታጠበውን።»

«እጄን አጣምሬ ልቁም?» አሉና ሳቁ። ሳቃቸው ግን ወዲያው አቆመ። «በነነዌማ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

መለያያችን ላይ ስንደርስ መላ የሚሉትን ነገሩኝ። ሚስታቸው ጾሙን ሙሉ ወጥ ሳይቀምሱ ይሠራሉ፤ ጨው መብዛት ማነሱን በማሽተት ይለያሉ። ጋሼም ውሃውን ያሸቱታል።

ዓርብ አሸተቱት። ብርጭቆውን አፍንጫቸው ሥር ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ውሃ ነው መሰለኝ» አሉ።

«መሰለኝ» የሚለውን ቃል ይዘው ወደ ጎረቤቶቻቸው መውጣት እንደማይችሉ እሳቸውም እኛም አወቅን። ስድስት ሰዓት ጠበቅን።

ያን ጊዜ የላብራቶሪዋ ልጅ ከበር ላይ ሆና ስታየን ነበር። ሲግናል ነው ቤቷ፤ ፕሮቴስታንት ናት። በየጠዋቱ የሚመጣውን ወተት የምትመረምረው እሷ ናት።

«እኔ ልቅመስልዎት ጋሼ?» አለች።

«ቁርስሽን ምን በላሽ?»

«እንቁላል ፍርፍር።»

«በቅቤ?»

«በቅቤ።»

«ይኸውልህ» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ቅቤ በነካው ምላስ ወተት ልትፈልግልን ነው።»

«እታጠባለኋ። እርስዎ ቧንቧውን ያጥቡት የለ?»

«እናንተ ጾም የላችሁ። ቢቀላቀል ምን ገዶሽ?»

«ጾምማ አለን። እኛ ስንጾም አኩሪ አተርም የለም፤ ጭራሽ ነው የምንተወው።» ቀልዷን ነበር፤ ቀጥሎ የጠየቀችው ግን ቀልድ አልነበረም። «ግን ጋሼ፣ ውሃው ወተት ያለው ቀን እርስዎ ሲቀምሱት ጾምዎ ይሻር የለም?»

ጋሼ ብርጭቆውን አስቀመጡት። «ይሻራል» አሉ። «እኔ አንድ ሰው ነኝ። የሚሻር ከሆነ የእኔ ይሻር ብዬ ነው።»

አብረን በሠራንባቸው ዓመታት ይህን ተናግረው አያውቁም። ጠይቀናቸውም አናውቅም።

«እኔ ብቀምሰው የማንም አይሻርም» አለች ልጅቷ።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ ጾም ባልሆነ ቀን፣ ጋሼ ፈተኗት። ጀርባዋን አዙረው ሦስት ብርጭቆ ውሃ ቀዱና ባንዱ ላይ ወተት ጠብ አደረጉበት። አገኘችው። በሁለተኛው ዙር ወተቱን በውሃ አቅጥነው ጠብ አደረጉ፤ እሱንም ዘግየት ብላ አገኘችው። በሦስተኛው ዙር ሦስቱንም ደጋግማ ቀመሰች። አፏን ተጉመጥምጣ እንደገና ቀመሰች።

«ሦስቱም ውሃ ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጋሼ፣ ምንም አልጨመሩበትም።»

ጋሼ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ ደፉ። «ያለውን አለ ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ የሌለውን የለም ማለት ነው» አሉ። እሺም እምቢም ሳይሉ ወደ ሥራቸው ሄዱ።

የነነዌ ሰኞ ጋሪው፣ ሙቅ ውሃውና ቀለበቶቹ ሁሉ በየቦታቸው ነበሩ። ሦስት ሰዓት ከሩብ ሲሆን መስመሩ ተገጥሞ ለብ ያለው ውሃ ይወርድ ጀመር። እትዬ መጥተው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሥቶ ይጠብቃል። ጋሼ መጀመሪያ አሸተቱና «ውሃ ነው» አሉ። በዚህ ጊዜ «መሰለኝ» አላሉም። ብርጭቆውን ለልጅቷ ሰጧት።

ቀመሰች። ተፋችው። እንደገና ቀድታ ቀመሰች።

«ወተት አለ» አለች።

«የጠዋቱ ፍርፍር እንዳይሆን» አለ ሾፌሩ። የሳቀለት የለም።

እትዬ ወደ ጋሼ ዞረው «ምን ይላሉ?» አሏቸው።

ጋሼ ንጹሕ ነው ቢሉ ወተቱ ይሞላል፣ መኪናው በሰዓቱ ይወጣል፣ ዐቢይ ጾምንም እየሠሩ ይከርማሉ። የሚጠራጠራቸውም አልነበረም። ብርጭቆውን ተቀብለው እንደገና አሸተቱና መሬት ላይ ደፉት።

«አለ ካለች አለ። ፍታው» አሉኝ።

መስመሩን ከማፍያው ጀምሬ እየፈታሁ ለጋሼ አቀበልኩ። ሁሉም ንጹሕ ነበር። አራት ሰዓት አለፈ። መኪናው የላም ወተት ብቻ ጭኖ ወጣ። መጨረሻ ላይ ያገኘነው በመሙያው ጀርባ ያለችውን ጣት የምታህል የናሙና መቅጃ ቧንቧ ስንፈታ ነው። ቀለበቷ ሥር ነጭ ነገር ይዟል። ልጅቷ በየጠዋቱ ለምርመራ ወተት የምትቀዳባት ናት። የላብራቶሪ ዕቃ ስለሆነች ከእኔ መፍቻም ከጋሼ ብሩሽም ውጭ ነበረች። በፊት እስከ ስድስት ሰዓት እየተደጋገመ የሚለቀቀው ውሃ ሳይታወቅ ያጥባት ነበር። ለካ ጋሼ ያጥቡ የነበረው የታጠበውን ብቻ አልነበረም።

ልጅቷ ቀለበቱን ተቀብላ አየችው። «የእኔ ናት» አለች። «ከላይ ከላይዋን ብቻ ነው የማጥባት።»

«ምላስሽ ግን ለእጅሽ አላደላም» አሉ ጋሼ።

እትዬ ሰዓታቸውን አዩ። «ሁለት ቀን ይቀራል» ብለው ገቡ።

ለመቅጃዋ ከዕቃ ቤት አሮጌ ግን ደህና የሆነች ተለዋጭ አገኘሁ። በሚቀጥለው ቀን አንዷ ማሽኑ ላይ ስትሆን ሌላዋ ታጥባ ጋሪው ላይ ነበረች። ማክሰኞ መኪናው የጾም ወተት ጭኖ ሲወጣ አራት ሰዓት አልሞላም ነበር።

የዚያን ዕለት ያለ ጥያቄ አቀበቱን አብሬያቸው ወጣሁ። የጋሼን ፌስታል እኔ ይዤ ነበር። እንጦጦ ማርያም ከመድረሳችን በፊት አንዲት ጎረቤታቸው ከአጥራቸው በር ወጡ።

«ቀመስከው?» አሏቸው።

«አልቀመስኩትም። ተሞልቶ ሲያልቅ ዘጠኝ ሰዓት መቼ ሆነና።»

«ታዲያ ማን ቀመሰው?»

«አንዲት ልጅ አለች። ጴንጤ ናት።»

ሴትዮዋ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። «የነነዌን ወተት ጴንጤ ታጸድቀው ጀመር?»

«ትናንት ሁላችንም ደህና ነው ስንል ወተት አለበት ብላ ያስቆመችን እሷ ናት» አሉ ጋሼ። «መኪናው ያለ ጾም ወተት ሄደ። ትናንት ያላመጣሁልሽ ለዚያ ነው።»

«ሳይጭን ሄደ?»

«ሳይጭን።»

ሴትዮዋ ጠርሙሱን ከእጄ ተቀብለው ወደ ብርሃን አቅንተው አዩት። ከዚያ ይዘውት ገቡ።

ረቡዕም በሰዓቱ ወጣ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቤቱ እንዲቀመጥ የተነገረው ሰው አልነበረም። ጋሼ መጀመሪያ ላይ ከአራት ሰዓት በኋላ ያለውን ጊዜ ምን እንደሚያደርጉበት ግራ ገብቷቸው ነበር። አሁን ገበሬዎቹ ወተት የሚያመጡባቸውን ጀሪካኖች ያጥባሉ። ያን ሥራ ማንም አላዘዛቸውም።

ጠዋት ጠዋት ግን ውሃው ሲለቀቅ ከመሙያው አጠገብ አይጠፉም። ብርጭቆውን ራሳቸው ያጥባሉ፣ ራሳቸው ይቀዳሉ፣ ለልጅቷ ያቀብላሉ። እሷ አፏ ውስጥ ታቆየዋለች።

«ምን አለ?» ይሏታል።

«ውሃ ነው።»

«ውሃ ከሆነ ክፈት» ይሉኛል፤ የጾም ወተቱን እከፍተዋለሁ።