ለዓሣው የተቀቀለ ንፍሮ

ባለፈው ሰሞን ከእኛ ብሎክ ፊት ለፊት የሚኖሩ አንዲት ሴትዮ አርፈው፣ በልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ መካከል ድንኳን ተጣለ። እኔም ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለቅሶ ልደርስ ገባሁ። አንዲት ልጅ ንፍሮ በላስቲክ ሳህን ይዛ እየዞረች ሰዉን ታዘግናለች። ስንዴና ሽምብራ ነው፤ ገና ትኩስ። ሳላስበው አንዷን የስንዴ ፍሬ መርጬ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መሐል ጨመቅ አደረግኋት። ሆዷ ተከፍቷል፤ ቆዳዋ ግን አልተላጠም። «ይህቺ መንጠቆ ላይ ትቆያለች» አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሟቿ የሚወራውን አልሰማሁም። የንፍሮው እንፋሎት ዛሬ ድንኳኑ በተተከለበት መሬት ላይ ወደነበረው የጭቃ ቤታችን ይዞኝ ሄደ። የቆርቆሮ አጥር፣ የጋራ ቧንቧ፣ እርስ በርስ የተደጋገፉ የቀበሌ ቤቶች። ሲያፈርሱት ቆሜ አይቻለሁ፤ ግን ሌሊት በሕልሜ የምገባው አሁንም በዚያው በር ነው።

አባቴ በጃንሆይ ጊዜ የአንድ ፈረንጅ መሐንዲስ ሹፌር ነበር። ፈረንጁ እሑድ እሑድ ከአቃቂ ወዲያ ወዳለው አባ ሳሙኤል ግድብ እየሄደ ካርፕ የሚባለውን ዓሣ ያጠምዳል። ካርፕ ወፍራም፣ ቅርፊቱ እንደ ሳንቲም የሰፋ፣ ጭቃ እየማሰ የሚበላ ዓሣ ነው። ተስገብግቦ አይውጥም፤ እያጣጣመ፣ እየተፋ፣ እንደገና እየቀመሰ ነው። አባቴ መኪና ጠብቆ ከመዋል ይሻላል ብሎ ጀመረውና ከጌታው በለጠ። አብዮቱ ፈንድቶ ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ እየተሳበ የሚረዝመውን የማጥመጃ ዘንጉን ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ወንድሜና እኔ ማጥመድ የተማርነው በዚያ ዘንግ ነው።

አሰሳ የተባለው የቤት ለቤት ፍተሻ የመጣ ዕለት ታጣቂዎቹ ዘንጉን ከአልጋ ሥር አወጡት። አንደኛው ጫፉን ይዞ ቢስበው እየረዘመ፣ እየረዘመ ሄደ። «ይሄማ የሬዲዮ አንቴና ነው» አለ። አባቴ የዓሣ ማጥመጃ መሆኑን ቢያስረዳ፣ የክሩን መጠምጠሚያ እያሽከረከረ ቢያሳይ፣ ማን ይስማው። ልደታ ላይ የቱ ባሕር ኖሮ ነው ዓሣ የምታጠምደው አሉት። ዘንጉን ወሰዱት፤ እሱንም አሳድረው ለቀቁት። ወንድሜ «አባዬ፣ ከዓሣ ጋር በሬዲዮ ስትነጋገር ተያዝክ» እያለ ሲያሾፍበት ሰነበተ። ወንድሜ እንዲህ ነበር፤ ሞት ደጃፍ ላይ ቆሞ እንኳ ቀልድ አይጠፋውም። አባቴ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ በቤታችን የዓሣ ነገር አልተነሣም።

ወንድሜን የወሰዱት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ሰንበትበት ብሎ አባቴ ቀበሌ ተጠራ። ሲመለስ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ነበር። በሩን ዘግቶ፣ ሊቀመንበሩ የነገረውን እዚያው ቆሞ ነገረን። ልጁ ላይ እርምጃ ተወስዷል። ሬሳ የለም። ድንኳን የለም። ጥቁር መልበስ፣ ንፍሮ መቀቀል የለም። የሚያለቅስ ካለ ከጠላት ጋር ይቆጠራል።

እናቴ በሰፈራችን ሙሾ በማውጣት የታወቀች ሴት ነበረች። ከአብነት እስከ ልደታ ማርያም ሰው ሲሞት «እሷን ጥሩ» ይባላል። ደረቅ ዓይን ይዞ የመጣውን ሁሉ አስለቅሳ ትልካለች። የራሷ ልጅ ሲሞት ግን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ተቀመጠች። በማግስቱ ባለ አበባውን ቀሚሷን ለብሳ ቧንቧ ወረደች፤ ሴቶቹ ወረፋቸውን ለቀቁላት እንጂ ማንም ቃል አልወጣውም። እየዋለ ሲያድር ምግብ ተወች። ከዚያ ንግግር ተወች። ስታያችሁ ዓይኗ በእናንተ በኩል አልፎ ግድግዳው ላይ ነው የሚያርፈው። አባቴ ወደ ጓሮ ጠርቶኝ «እርሟን ካላወጣች ይህቺ ሴት ትሞትብናለች» አለኝ። እኔም እንደዚያው ፈርቼ ነበር፤ ሌት እየተነሣሁ ትንፋሿን አዳምጥ ነበር።

አንድ ቀን አባቴ ከሥራ ሲገባ «ወደ ዓሣው ልመለስ ነው» አለ። ያመመው መሰለኝ። አጠገቤ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ካርፕ ምንድን ነው የሚወደው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ንፍሮ» አልኩት።

«በይ እንግዲህ። ለዓሣ ንፍሮ አትቀቅሉ የሚል አዋጅ አልወጣም።»

እናቴ ከተቀመጠችበት ቀና ስትል አየኋት። ዓይኗ ግድግዳው ላይ ሳይሆን አባቴ ላይ ነበር።

ፈቃድ ለመጠየቅ ቀበሌ ሄደ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ሥጋ ተወዷል፣ ዓሣ አጥምጄ ቤቴን ልደጉም» አለው። ሊቀመንበሩ ብዙ አሰበና፣ መልካም፣ ግን በሄድክ ቁጥር ዓሣውን አምጥተህ ታሳየኛለህ አለ። እንግዲህ የእኛ ጭንቀት እዚህ ላይ ነው የጀመረው። ዓሣው እውነት መያዝ አለበት። አንድ ሳምንት ባዶ እጃችንን ብንመለስ ንፍሮው ለምን እንደተቀቀለ ይጠየቃል።

ዕቃ ለመግዛት አቅም አልነበረንም፤ ቢኖረንም የሚሸጥ የለም። ዘንጉን ከፈረሰ አጥር ላይ ካገኘነው ቀርከሃ አበጀነው፤ ቀርከሃ ደግሞ አንቴና ነው አይባልም። ክሩን ጆንያ ከሚሰፋበት ናይሎን ገመድነው። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ወፍራም ወፍራም መርፌ ሰጠን፤ አባቴ ከሰል ላይ አግሎ በጉጠት እያጎበጠ መንጠቆ አደረገው። ማክበጃ እርሳስ ከአብነት ጋራዥ ለመነ። ተንሳፋፊው የጠርሙስ ቡሽ ነበር። የመጀመሪያው መንጠቆ ክፉኛ ስለጋለ ተሰበረ፣ ሁለተኛው ሲጎተት ተመልሶ ቀጥ አለ። እጁ ረስቷል። «ፈረንጁ ቢያየኝ ያለቅስ ነበር» አለና፣ ለቅሶ የሚለውን ቃል እንዳወጣው ሲገባው ሌላ መርፌ ከሰሉ ላይ ጣለ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ እናቴ ድስቱን ጣደች። ራሷ ናት የጣደችው፤ ማንም አላዘዛትም። ስንዴው ሲፈላ ሽታው በቆርቆሮው ክፍተት ወጥቶ ግቢውን ሞላው። በራችን ላይ የሚቆም አንድ የአብዮት ጥበቃ ነበር፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ክፍል የተማረ። አንገቱን አስግጎ «ምንድን ነው የሚሸተው?» አለ።

«ለዓሣ ነው» አለችው እናቴ። ከስንት ጊዜ በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

ልጁ ድስቱን አየ፤ እሷን አየ። ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ልብስ ሰፊው የአንድ ጣሳ ሽምብራ በጃኬቱ ሥር ይዞ ገባ። እስላም ነው፣ የወሎ ሰው፤ ለቅሶ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው ጫማውን በር ላይ አወለቀ። «ዓሣችሁ ይብላ» አለና ጣሳውን አስቀምጦ ወጣ። ከእሱ ቀጥሎ የሰፈራችን ባለሱቋ መጣች፣ ስንዴ ይዛ። «ዓሣችሁ ይብላ።» እህል በራሽን በነበረበት ጊዜ፣ ከራሳቸው ጉሮሮ እየነጠቁ፣ በየቅዳሜው እንደዚያ አመጡ። ማንም ለማንም ምንም አልነገረም።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ አባቴና እኔ በአውቶቡስ አቃቂ ወርደን የቀረውን በእግራችን ሄድን። አባ ሳሙኤል ያኔ ሰፊ ነበር፤ ጠዋት ጉም ከላዩ ይነሣል፣ ውኃው የእርጥብ ሣርና የጭቃ ሽታ አለው። አባቴ አንድ እፍኝ ንፍሮ ወደ አንድ ቦታ ወረወረ፤ ካርፕ የሚመጣው በለመደው ማዕድ ላይ ነው። ከዚያ አንድ እፍኝ ለእኔ ሰጠኝ፤ አንድ እፍኝ ራሱ ዘገነ። «ነፍስ ይማር» አለ። «ነፍስ ይማር» አልኩ። የማንንም ፊት ሳንፈራ ያልነው እዚያ ነው። በላን። ከዚያ ዓሣው ደግሞ በላ፤ ቡሹ አንዴ ነቅነቅ፣ ሁለቴ ነቅነቅ አለና ቀስ ብሎ ሰጠመ። መንጠቆ ላይ ስንዴውን የምሰካው እኔ ነበርኩ፤ በጣም ከበሰለ ይበተናል፣ ጥሬ ከሆነ ዓሣው ይተፋዋል።

አንድ ብቻ ወሰድን፣ ለማስረጃ። ሌሎቹን አባቴ እየፈታ መለሳቸው። ማታ እናቴ ዓሣውን አይታ «የልጄን ንፍሮ የበላ ዓሣ እኔ አልበላም» አለች። ስለዚህ ሙሉውን ሊቀመንበሩ ወሰደው። በየሳምንቱም ወሰደው። ጣፋጭ ነው ይል ነበር አሉ። አባቴ አንድ ቀን «ሰውየው ሳያውቀው ለቅሶ ደረሰን» አለ፤ በዚያ ዘመን ሲስቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ ሳቅ ከተባለ።

እያደር ጎረቤቶቹም ዓሣ ማጥመድ አማራቸው። ልብስ ሰፊው ሸምበቆ ይዞ መጣ፣ መንጠቆ የሌለው። ባለሱቋ ቅርጫት ይዛ መጣች። በየተራ እየመጡ፣ አጠገባችን ሣሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ እፍኛቸውን ዘግነው፣ ውኃውን እያዩ ይውሉና ይሄዳሉ። ለቅሶ ቤታችን ያ ዳርቻ ሆነ።

እናቴ ወደ ግድቡ የመጣችው የሰማንያው ሰሞን ነው። ያን ቀን ጎረቤቶቹ ሁሉ፣ አንዱ በአቃቂ፣ አንዱ በሌላ መንገድ፣ ተሰባስበው ነበር። እናቴ የንፍሮውን ድስት በጭኗ ይዛ ተቀመጠች። አባቴ ዘንጉን ይዞ ጀርባውን ሰጥቶናል። ድንገት ድምፅ ሰማሁ፤ መጀመሪያ የሌላ ሰው መሰለኝ፣ ዝጎ እንደከረመ በር ነበር የሚሰማው።

«ንፍሮህን ቀቀልኩት ለዓሣ ነው ብዬ፣
አንተንስ ምን ብዬ ላልቅስህ ልጅዬ።»

ባለሱቋ ደረቷን መታች። ልብስ ሰፊው በጉልበቱ ተንበርክኮ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እናቴ ስሙን ጠራች፤ ለቅሶው ከተከለከለ ጀምሮ በቤታችን ያልተጠራውን ስሙን ደጋግማ ጠራች፤ ውኃው ላይ እየሄደ ማዶ ካለው ገደል ይመለስ ነበር። እኔም አለቀስኩ። ቡሹ ሲሰጥም አየሁ። ትልቅ ዓሣ ነበር፤ ክሩ ተወጠረ፣ ቀርከሃው ጎበጠ። አባቴ አልጎተተም። እጁን ፈታ። ዘንጉ ከእጁ ወጥቶ ሣሩን እየላሰ ውኃው ውስጥ ገባ፣ ጥቂት ተንሳፍፎ ወደ መካከል ሄደ። አባቴም ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ስንመለስ ባልዲው ባዶ ነበር። እናቴ ፊቷን በግድቡ ውኃ ደጋግማ ብትታጠብም ዓይኖቿ አብጠው ሊከፈቱ አልቻሉም። ያ የወንድሜ የክፍል ጓደኛ በራችን ላይ ቆሟል። ባልዲውን አየ። ዘንግ አለመያዛችንን አየ። ከዚያ እናቴን አየ፣ ዓይኑንም ወዲያው ከፊቷ ላይ መለሰ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ዓሣው አልበላም?» አለ።

«ዛሬስ በላ» አለው አባቴ።

ልጁ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዞረ። «ለጓድ ሊቀመንበር ውኃው ደፍርሶ ነበር እለዋለሁ» አለና መንገድ ለቀቀልን። እናቴ በአጠገቡ ስታልፍ ቆም አለች። ከድስቱ ሥር የቀረውን ንፍሮ በእጇ ጠርጋ ዘረጋችለት። እዚያው ቆሞ በላው። ያን ማታ እናቴ ራት በላች፣ ትንሽም ብትሆን።

አሁን ሁሉም አልፈዋል። እናቴ ስታርፍ መንግሥት ተለውጦ ነበርና ድንኳን ተጣለላት፣ ጥቁርም ለበስንላት፤ እኔ ግን ውኃ ዳር የተቀመጥነው ይበልጥብኛል። አባ ሳሙኤል በእምቦጭ ተሸፍኗል፣ ከተማው ቆሻሻውን ለቆበታል ይላሉ። ካርፑ ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ሄጄ ለማየት ድፍረቱም የለኝ።

ንፍሮ የምታዞረው ልጅ ተመልሳ መጥታ እጄን አየች። እፍኜ እንደ ሞላ ነው።

«እማማ፣ ይብሉት እንጂ፤ ለማን ነው የያዙት?» አለችኝ።

«ለዓሣ ነው» አልኳት።

የቀለድኩ መስሏት ፈገግ አለችና ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። እኔም ንፍሮውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኩት። ዙሪያዬን ተመለከትኩ፤ ድንኳኑ ሞልቷል። «ዓሣችሁ ይብላ» የሚለኝ ሰው ግን አልነበረም።