ታዴ ጠፍቷል፣ አልጠፋም

ዛሬም ሮቤ መናኸሪያ አጠገብ ሳልፍ አንድ ድምፅ ከመንገዴ ያስቆመኛል። «ጎባ! ጎባ! ጎባ! ነመ ለመ! ሁለት ሰው ቀረ!» የሚል የረዳት ጩኸት ነው፤ ሁለት ይበል እንጂ ሚኒባሱ ግማሹ ባዶ መሆኑን እሱም እኔም ተሳፋሪውም እናውቃለን። ይህን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር የልጅነቴ የእሑድ ምሳ ይመጣብኛል፤ አባዬና ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን ወጥ ውስጥ ነክረው፣ ያመነ ሰው ከእምነቱ ቢወጣ ደኅንነቱ ይጠፋል አይጠፋም እያሉ ሲከራከሩ ይታዩኛል። ላይ ላዩን ሲያዩት ክርክሩ ስለ መንግሥተ ሰማያት ነበር፤ ውስጡን ላወቀው ግን ስለ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ነበር።

ሹፌሩ የአባዬ ታናሽ ወንድም ታዴ ነው። አባዬ መምህር ሆኖ ከወላይታ ወደ ሮቤ ሲመደብ ገና ጢም ያላወጣውን ወንድሙን ይዞ መጥቶ፣ አብልቶ፣ አስተምሮ፣ ለአቅመ አዳም አደረሰው። በጸሎት ቤታችን መዘምራን ውስጥ አኮርዲዮን የሚጫወተው ታዴ ነበር፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ መጫወት ሲጀምር እኔ ከፊት ወንበር ዞር ብዬ «አጎቴ ነው እኮ!» እያልኩ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እናገር ነበር። እማዬ ቀሚሴን ይዛ ካልጎተተችኝ በቀር ዝም አልልም ነበር።

በአንዱ በልግ፣ የሮቤ ጭቃ ጫማ ከእግር ነጥቆ በሚያስቀርበት ሰሞን፣ አባዬ ወደሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ስልክ ተደወለና አያቴ አገር ቤት ማረፏ ተነገረው። ታዴ እናቱ መታመሟን እንጂ መሞቷን አላወቀም። መርዶ ደግሞ በእኛ ዘንድ እንደ ወሬ አይወረወርም፤ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰውየውን ግራና ቀኝ ደግፎ ነው የሚያረዳው። ጎባ ላይ ትልቅ ኮንፈረንስ ተዘጋጅቶ ነበርና፣ መዘምራኑ ደግሞ ያለ ታዴ አኮርዲዮን ወንዝ ስለማይሻገሩ፣ አባዬ «ኮንፈረንሱ ይለፍና እናረዳዋለን» ብሎ ሐዘኑን ዋጥ አድርጎ ተቀመጠ። ታዴ ግን አልተቀመጠም፤ መዘምራኑን አስተባብሮ ለእናቱ ፈውስ ጾም ያዘ፣ በመዝጊያው ቀንም መድረክ ላይ ወጥቶ «ስለ እናቴ ጸልዩልኝ» ብሎ ያን ሁሉ ሕዝብ አስነሣ። ሕዝቡ ጸለየ፤ አባዬም ከሕዝቡ መሀል ቆሞ አሜን አለ። ስንወጣ አንድ ያገራቸው ሰው በር ላይ ታዴን እቅፍ አድርጎ «እግዚአብሔር ያጽናህ ወንድሜ፣ እናት መቼም አትተካም» አለው፤ ምን ያድርግ፣ ታዴ መርዶውን የተረዳ መስሎት ነው።

ታዴ አልጮኸም። አኮርዲዮኑን ከትከሻው አውርዶ እማዬን አስያዛትና ወደ አባዬ ዞሮ፣ «ለሞተች ሰው ነው አሜን ያልከው?» አለው። ታዴ ከዚያች ቀን ጀምሮ ጸሎት ቤትም እኛ ቤትም አልመጣም።

ጎባ ቤት ተከራይቶ፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ የአንድ ነጋዴ ሚኒባስ ይዞ ከሮቤ ጎባ ይመላለስ ጀመር። ጫቱንም ያዘ፣ ዘፈኑንም መስኮት እስኪንቀጠቀጥ ከፍቶ ይነዳ ነበር፤ የጸሎት ቤት ሰዎች ሊመክሩት ሲሞክሩ «እኔ ሃይማኖት በቃኝ፤ የምትሳፈሩ ከሆነ ግቡ፣ ካልሆነ ከበሩ ላይ ዞር በሉ!» ይላቸው ነበር። እነሱም «ወደ ኋላ ተመለሰ» እያሉ ከንፈራቸውን ይመጡ ነበር። አኮርዲዮኑ ከሣጥኑ ጋር የእኛ ቁምሣጥን ላይ ወጥቶ ቀረ።

ክረምቱ ገብቶ ጉሙ ከተራራው እየወረደ ደጃችን ላይ ሲተኛ፣ የእሑዱ ክርክር ያን ጊዜ ነበር የሚሞቀው። ጋሽ ቶሎሳ የአባዬ የቀድሞ ርዕሰ መምህር፣ ጡረታ የወጡ የጸሎት ቤታችን ሽማግሌ ሲሆኑ፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሑድ እሑድ ከእኛ ጋር ይበሉ ነበር። አባዬ አይጠፋም ባይ፣ እሳቸው ይጠፋል ባይ ነበሩ።

«ልጅ አባቱን ስለ ተቆጣ ልጅነቱ ይሰረዛል እንዴ?» ይል ነበር አባዬ።

«ልጅነቱማ አይሰረዝም፤ ግን ቤት ካልገባ እራቱን ማን ያበላዋል?» ይሉ ነበር ጋሽ ቶሎሳ።

እንዲህ እንዲህ እያሉ ሄደው፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ፣ ጋሽ ቶሎሳ «ያ ጎፍታ ኮ! ይህን ሰው ማስተማር ለምን ፈቀድኩለት?» ብለው በኦሮምኛ ጌታቸውን ሲጠሩ፣ እማዬ ጭልፋዋን ይዛ መሀላቸው ትገባ ነበር። «መጀመሪያ ብሉ! ሲኦል የትም አይሄድም፣ ወጡ ግን ይቀዘቅዛል» ትላቸዋለች። የግቢያችን ባለቤት ወይዘሮ፣ አደ ዘይነባ፣ በር ላይ ሱቅ ስለነበራቸው ጩኸቱን ሰምተው ብቅ ይሉና ወገባቸውን ይዘው ይስቁ ነበር። «ወላሂ እናንተ ሰዎች ጉዶች ናችሁ! ጠፋ አልጠፋ የምትሉት ልጅ ትናንት ከእኔ ሱቅ ሳሙና ገዝቶ ሄደ እኮ። ወፍሯል፣ ማሻአላህ!»

ሁሉም ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን አልስቅም ነበር። ታዴ ከሌለ የመንግሥተ ሰማያት መዝሙር ምን ሊመስል ነው? ስጸልይ ለእግዚአብሔር ቁርጡን ነግሬው ነበር፤ «ታዴን የማታስገባው ከሆነ እኔንም እንዳትጠብቀኝ!» አልኩት። ወዲያው ደግሞ እንዲህ በማለቴ የእኔም ደኅንነት የጠፋ መስሎኝ፣ ፈርቼ «ቀልዴን ነው» ብዬ አስተካከልኩ።

መስከረም ጠባ፤ ከሮቤ እስከ ጎባ መንገዱ ግራና ቀኝ ስንዴና ገብስ ሆነ። አንድ ቅዳሜ እማዬ ጎባ የታመመ ሰው ልትጠይቅ ስትሄድ አስከትላኝ፣ የተገኙትን ሚኒባሶች ሁሉ «ይሄ ጠባብ ነው፣ ይሄ ጎማው አያምርም» እያለች አሳልፋ አሳልፋ የታዴ ሲመጣ ዘላ ገባች። ታዴ በመስታወቱ አይቶኝ ፊቱ ጥርስ በጥርስ ሆነ። «አስተዋዋቂዬ መጣች! አንቺ በነፃ ነሽ፣ እናትሽ ግን ትከፍላለች!» አለ። እኔ መቼም አፌ አያርፍም፤ ሰው በሞላበት «ታዴ፣ እውነት ጠፍተሃል እንዴ?» አልኩት። እማዬ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ተሳፋሪው ሳቀ። «ኧረ ባክሽ!» አለኝ ታዴ፣ «ሮቤና ጎባ መሀል የት እጠፋለሁ? መንገዱ አንድ፣ ጭቃው አንድ!»

ያን ጊዜ ነው ጋቢና ውስጥ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ከታዴ ጋር ቆሎ የሚካፈሉትን ሰው ያየሁት። ጋሽ ቶሎሳ ናቸው! ጎባ ደርሰን ሰው ሁሉ ሲወርድ እሳቸው ንቅንቅ አላሉም። ታዴ ከኋላ ጆንያ ሲያወርድ፣ እማዬ ደግሞ ሳንቲሟን ስትፈልግ፣ በጋቢናው መስኮት አንጋጥጬ፣ «ጋሽ ቶሎሳ፣ አይወርዱም?» አልኳቸው።

«አልወርድም፤ በዚሁ እመለሳለሁ።»

«ታዲያ ጎባ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ምንም» አሉኝና ዝቅ ብለው ሹክ አሉኝ። «አባትሽ አልጠፋም ስለሚል ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። እኔ ደግሞ ጠፍቷል ባይ ነኝ፤ የጠፋ ነገር ካልፈለጉት በራሱ እግር አይመጣም። እናም ቅዳሜ ቅዳሜ እሳፈራለሁ።»

«ስለ ጌታ ይነግሩታል?»

«ኧረ እኔ የለሁበትም! የምናወራው ስለ ጎማ ነው።»

በማግስቱ እሑድ አባዬ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን እየደበደበ «አይጠፋም ብያለሁ አይጠፋም!» ሲል፣ እኔ አጥንቴን እየጋጥኩ «አባዬ፣ ጋሽ ቶሎሳ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በታዴ ሚኒባስ እየሄዱ ይፈልጉታል። አንተ ለምን አትፈልገውም?» አልኩት። ጋሽ ቶሎሳ የተያዙ ሌባ መስለው አቀረቀሩ። አባዬ የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው፤ ዓይኑ ቀላ፤ አባዬ ሲያለቅስ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። «ምን ብዬ ልሂድ ጋሽ ቶሎሳ? ከጠፋ ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም? ለዚህ እኮ ነው አይጠፋም የምለው፤ ይጠፋል ካልኩ እንቅልፍ ከየት ይመጣልኛል?» አለ።

ጋሽ ቶሎሳ አላጽናኑትም። «መምህር፣ አንተ መርዶውን እስከ ዛሬ አልነገርከውም እኮ፤ የነገረው መንገደኛ ነው። ልጁ እናቱን የሚያለቅስበት ትከሻ አላገኘም። ተነሥና እንደ ወጉ አርዳው» አሉት።

በዚያው ሳምንት ጎህ ሳይቀድ ጋሽ ቶሎሳ ለምነው ባመጡት አይሱዙ ላይ ተጭነን ጎባ ሄድን፤ አባዬ፣ እማዬ፣ መዘምራኑ፣ ንፍሮ በባልዲ የያዙት አደ ዘይነባ፣ እኔም በእማዬ ጋቢ ተጠቅልዬ። የጎባ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ታዴ መፋቂያውን አፉ ውስጥ ሰክቶ በሩን ሲከፍት፣ ያን ሁሉ ጋቢ የተከናነበ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ አየ። እንዲህ ያለ ሰው በማለዳ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም፤ ፊቱ አመድ መሰለ። «ማን ሞተ?» አለ።

«እናታችን» አለው አባዬ። «እናታችን ሞታለች ታዴ። ልነግርህ መጣሁ።»

ታዴ ትክ ብሎ አየው። በሩን ፊታችን ላይ ይዘጋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። መፋቂያው ከአፉ ወደቀ፣ «እናቴን!» ብሎ ጮኸና አባዬ ደረት ላይ ተደፋ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በወላይትኛ እየተጣሩ፣ እየተናነቁ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። አባዬ «ይቅር በለኝ፣ ይቅር በለኝ» ይል ነበር። እኔም ያላወቅኳትን አያቴን ከሁሉ አስበልጬ አለቀስኩ።

ታዴ በሰዓቱ ስላልወጣ የለመዱት ተሳፋሪዎቹ ከረዳቱ ጋር ሊጠሩት መጥተው ኖሮ፣ ልቅሶውን ሲሰሙ ግቢው ገብተው አብረውን አለቀሱ። አንድ ዶሮ የታቀፉ ገበሬ ዕንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው «ማን ሞቶ ነው?» ብለው ጠየቁ። «የሹፌሩ እናት» አሏቸው። «መቼ?» «በበልጉ።» ሰውየው በጣታቸው ወራቱን ለመቁጠር ሞከሩና ትተውት፣ አደ ዘይነባ የዘረጉላቸውን ንፍሮ ተቀብለው፣ «ነፍስ ይማር። መኪናው ግን ይሄዳል?» አሉ። ታዴ ዕንባው ሳይደርቅ ሳቁ አመለጠው። «ይሄዳል! ዛሬ ለሁሉም በነፃ ነው!» አለ። ከዚያ ወዲያ ከልቡ ያለቀሰው ረዳቱ ብቻ ነበር።

እሑድ ምሳ ላይ ታዴ መጣ። ከተቀመጠ በኋላ ቁምሣጥኑ ላይ ያለውን ሣጥን አይቶ፣ አውርዶ ከፈተው፤ አኮርዲዮኑ የክረምቱ እርጥበት አሻግቶት ሲከፈት እንደ ሽማግሌ ሳለ። «ይሄስ ከእኔ ብሶ ጠፍቷል!» አለና ሁላችንንም አሳቀን። እማዬ «በል አንተ ጸልይልን» ስትለው ግን ሳቁን አቁሞ አኮርዲዮኑን ወደ ሣጥኑ መለሰ። «እናንተ ጸልዩ፤ እኔ አሜን እላለሁ» አለ። አባዬ ጸለየ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ አያቴንም አነሣት። ታዴም ቀስ ብሎ፣ ሁላችንም እየሰማነው፣ አሜን አለ። አባዬ ወዲያው ዓይኑን ገልጦ «አዩ ጋሽ ቶሎሳ? አልጠፋም!» ሲል፣ ጋሽ ቶሎሳ «ጠፍቶ ተገኘ እንጂ!» አሉና ወጡ እንደ ገና ቀዘቀዘ።

ዛሬ ጋሽ ቶሎሳ የሉም። ታዴ የራሱን ሚኒባስ ገዝቷል፤ ጸሎት ቤት አንዳንድ እሑድ ይመጣል፣ አንዳንዱን ይቀራል፣ ሲመጣም ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። አኮርዲዮኑን አስጠግኖ ለገና በዓል ለእኔ ልጆች ይጫወትላቸዋል። የደኅንነት ክርክሩ አሁን ስልክ ውስጥ ገብቷል፤ የማይተዋወቁ ሰዎች በቪዲዮ ሲሰዳደቡ ውለው ያድራሉ፣ እኔም አንዳንዴ አያለሁ። እነሱ ከአባዬና ከጋሽ ቶሎሳ የበለጠ ጥቅስ ያውቃሉ። ምሳ ግን አብረው አይበሉም፤ ስለሚከራከሩበት ሰው ብለው ሚኒባስ የሚሳፈሩም አይመስለኝም።

አባዬ አርጅቷል። ጋሽ ቶሎሳን ከቀበርን ወዲህ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ምርኩዙን ይዞ መናኸሪያ ይወርዳል፣ ጋቢና ይገባል፣ ከታዴ ጋር ጎባ ደርሶ ሳይወርድ ይመለሳል። ባለፈው ቅዳሜ ደግፌ ሳሳፍረው፣ «አባዬ፣ አንተ እስከ ዛሬ አይጠፋም ባይ ነህ፤ ታዲያ ምን ያመላልስሃል?» አልኩት።

«አይጠፋም!» አለኝ ቆጣ ብሎ፣ ቆሎውን ከኪሱ እያወጣ። ከዚያ ታዴ እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ፣ «ግን ድንገት ጋሽ ቶሎሳ ልክ ከሆኑስ ብዬ ነው» አለኝ።