በውሰት የሄደ ልብ

ሰዓቱ ከሪያድ የመጣው ወደ አገር በሚገባ ሰው እጅ ነው። ከቴምር፣ ከሽቶና ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ጋር በፌስታል ተጠቅልሎ መካነ ሰላም መናኸሪያ ደረሰ። የላከችው ታላቅ እህቴ ናት። እኔ እዚያው መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ሞባይል እሸጣለሁ፣ የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ። ስለዚህ በቤታችን ቻርጅ የሚፈልግ ነገር ሁሉ የእኔ ጣጣ ነው። ሬዲዮው ዝም ካለ የምወቀሰው እኔ ነኝ። የከተማው መብራት ሲጠፋ እንኳ እናቴ መጀመሪያ የምታየው ወደ እኔ ነው።

ይህ ሰዓት ግን እንደ ሌላው ዕቃ አልነበረም። ባለፈው ክረምት እናቴ ገበያ መሀል ልቧ እየደለቀባት ራሷን ስታ ወድቃለች። ደሴ ወሰድናት። ሐኪሙ ልቧ አንዳንዴ ያለ ምክንያት እንደሚሮጥ ነገረን፤ ኪኒን ሰጣት፤ ከባድ አትሸከሚ፣ አትደንግጪ አላት። እህቴ ይህን በስልክ ስትሰማ እዚያ ማዶ ሆና እሪ አለች። «እማዬ እንዴት እንደዋለች ካላወቅሁ እህል አይወርድልኝም» አለች፤ ሰዓቱንም ለዚሁ ገዛችው። የራሱ ሲም ካርድ አለው። የእናቴን የልብ ምት ከክንዷ ላይ እየቆጠረ እህቴ ስልክ ላይ ያወጣዋል። ምቱ ልኩን ሲያልፍ ስልኩ እንደ እብድ ይጮሃል።

«እና እዚያ ሆና ልቤን ታየዋለች?» አለች እናቴ፣ ክንዷን ዘርግታልኝ ሳስርላት።

«አዎ፣ ታየዋለች።»

«የማስበውንም?»

«ኧረ የምታስቢውን አታይም! ምቱን ብቻ ነው።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብላ እፎይ አለች። ምን እያሰበች እንደነበር እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

የመጀመሪያ ሰሞን ሰፈሩ በሙሉ እኛ ቤት ዋለ። ክንዱን ያልዘረጋ የለም። እኔ ለእህቴ ቀድሜ «አሁን የጎረቤት ተራ ነው፣ አትደንግጪ» እላታለሁ፣ ከዚያ ሰዓቱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። አንዷ ጎረቤታችን «ከባሌ ጋር ስጣላ ስንት እንደምደርስ ካላየሁ አልሄድም» ብላ ባሏን እዚያው ፊታችን ልክ ልኩን ነገረችው። ሰዓቱን ብናየው ሰባ ስምንት! ከቁብም አልቆጠረችው፣ ለምዳዋለች ማለት ነው። በሳቅ ፍርስ አልን። እናቴ ፊደል አትለይም፤ ቁጥር ግን ገበያ ያሳደጋት ሴት ናት፣ ማንም አይቀድማትም። ቁጭ ያለ ሰው ሰባ፣ ውሃ የቀዳ ዘጠና፣ እህል ተሸክሞ የወፍጮ ቤቱን ዳገት የወጣ መቶ ሃያ እያለች በወሩ ዋና አዋቂ ሆነች።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ነው። ከጨዋታው በታች ግን አንድ ነገር ነበር። የእህቴ ኮንትራት ሊያልቅ ነው፤ አሠሪዎቿ ለሌላ ሁለት ዓመት ፈርሚ ይሏታል። እሷም «የእማዬ ልብ ከተረጋጋ እፈርማለሁ፣ ካልተረጋጋ ጥዬ እመጣለሁ» አለችን። ሥራው ቀላል ነው፣ ጁምዓ ጁምዓ ቀኑን ሙሉ እተኛለሁ ትለናለች ሁልጊዜ። እናቴ ነይም አትነይም አትላትም። «የልጄን ዕድል እኔ አልዘጋባትም» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ጓዳ ትገባና ዕቃ ማንኳኳት ትጀምራለች። እናቴን አውቃታለሁ፣ ድስት ከድስት ስታጋጭ እያለቀሰች ነው።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ሠርግ ልምጣ። እኛ ሰፈር ሴት ልጅ ስትዳር ባዶ አንገቷን፣ ባዶ ክንዷን አትወጣም። ጎረቤት ያለውን ጌጥ እያወረደ ያውሳታል። የእስላሟ ድሪ ክርስቲያኗ አንገት ላይ ይውላል፣ የክርስቲያኗ አልቦ እስላሟ እግር ላይ። ሙሽራ ልትሰናበት ቤት ለቤት ስትዞር ያለ ውሰት የሸኛት ቤት ለዓመት ይታማል። በጥር ወር፣ አጥር የምንጋራቸው ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ልጃቸውን ሲድሩ የእናቴ ድሪ ቤት አልነበረም። አጅባር ለምትዳር የዘመድ ልጅ ሄዷል። ሙሽራዋ ጠዋት መጥታ ጉልበቷን ስትስም እናቴ ደነገጠች። አንገቷን ብትዳብስ ምንም የለ። ክንዷን ስታይ ግን ያ ሰዓት ቦግ ብሎ በራላት።

እኔ ሱቅ ነበርኩ፣ ይህን አላየሁም። ፈትታ አሰረችላት አሉ። «ልጄ ከሪያድ የላከችልኝ ነው፤ ያበራል፤ ብርሃን ይሁንልሽ» ብላ መረቀቻት አሉ።

እኩለ ቀን ላይ የአንድ ሰው ስልክ ፈትቼ ብሎኑን በጥርሴ ይዤ ሳለሁ እህቴ ደወለች። ሃሎ እንኳ አላለችም። «እማዬ የት ናት? መቶ አርባ ገብታለች! እያየኋት ነው፣ እየወጣ ነው፣ ድረሺላት!»

ወላሂ ብሎኑን ልውጠው ነበር። ሱቁን ወለል አድርጌ ትቼ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ባጃጁ ይዘላል፣ እኔ አለቅሳለሁ፣ እህቴ ስልኬ ውስጥ ታለቅሳለች፣ ባለ ባጃጁ ደግሞ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ «አይዟችሁ! አይዟችሁ!» ይላል። ቤት ማንም የለም። አጥሩን ዞሬ ዳሱ ውስጥ ገባሁ። እናቴ ለእስላሞች ለብቻው ከታረደው በግ ፊት ለፊት ዘንጣ ተቀምጣለች፣ አፏ ሙሉ ነው፣ በአንድ እጇ ጭኗን እየመታች ከዘፋኞቹ ጋር ታጨበጭባለች።

ክንዷን አፈፍ አደረግሁት። ባዶ!

«ሰዓቱስ?»

«ለሙሽራ ነዋ!» አለችኝ፤ ደግሞ የጠየቅሁት ነገር አስገርሟታል። «ባዶ እጇን ልሸኛት?»

እዚያው ዳሱ መሬት ላይ ዘጭ አልኩ። ማልቀስና መሳቅ አንድ ላይ ሲመጣ ሰው ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚያወጣ ያን ቀን አወቅሁ። ስልኩን ወደ ቪዲዮ ቀይሬ ለእህቴ ሙሽራዋን አሳየኋት። በድሪና በአምባር ተንቆጥቁጣ፣ ዓይኗን ሰብራ ተቀምጣለች፤ ከብሩ ሁሉ መሀል የእኛ ሰዓት ብልጭ ድርግም ይላል። ሚዜዎቹ በር ላይ ደርሰው መገፋፋት ጀምረዋል።

እህቴ «መቶ አርባዋ ይቺ ናት?» አለች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ ማቆምም አቃታት። «እኔ እኮ ትኬት ልቆርጥ ነበር!» አለች በሳቁ መሀል። እናቴ ማጨብጨቧን አቆመችና ወደ ስልኩ ዞረች። «ትኬት» የሚለውን ሰምታዋለች።

ወሬው ዳሱን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም። ሪያድ ያለችው ልጅ የሙሽራዋን ልብ እያየች ነው! አጀብ ነው! ሙሽራዋ «ማርያምን፣ አጥፉብኝ!» ብላ ክንዷን ቀሚሷ ስር ደበቀች። ማን ይሰማታል? ሴቶቹ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው ከፍ አድርገው ያዙት፣ እህቴም ሪያድ ሆና እንደ ኳስ ጨዋታ ታስተላልፍ ጀመር። «ሚዜዎቹ ገቡ፣ መቶ አርባ አምስት! ሙሽራው አጎነበሰ፣ ጫማዋን ያዘ፣ መቶ ሃምሳ! ኧረ መቶ ሃምሳ ሁለት!» በየቁጥሩ ዳሱ በእልልታ ይናወጣል። ሙሽራው በላብ ተዘፍቆ «የእኔንስ ማን ይቁጠርልኝ?» ሲል አማቱ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች።

በማግስቱ ሰዓቱ ሲመለስልን እህቴ እናቴን ተቆጣቻት። ይህ ጌጥ አይደለም፣ አይወልቅም፣ አይዋስም አለቻት። አሠሪዎቿ ቤት ያየችውንም ነገረችን፤ ጣት ላይ ሆኖ እንቅልፍ የሚለካ ቀለበት አለ፣ ልብ የሚያዳምጥ ሸሚዝ ይመጣል፣ ወደፊትማ እንደ ሩዝ ፍሬ የምታህል ነገር ከቆዳ ሥር ትገባና አለቀ፣ ማውለቅ የለም።

«ከቆዳ ሥር?» አለች እናቴ። «ያን ጊዜ ለሙሽራ ምን ላውሳት ነው?»

ለዚህ እኔም እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። እናቴ ግን በዚህ አላቆመችም፤ ሌሊቱን ስታብሰለስለው ያደረች ይመስለኛል። «ይሄ ነገር በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚሠራው?» አለች። «እሷ የእኔን ታያለች። የእሷን ማን ያይላታል?»

«የእኔ ልብ ምን ይሆናል ብለሽ ነው? እኔ እኮ እንደ ፈረስ ነኝ!» አለች እህቴ። ቀለደች፣ ነገር ለወጠች፣ ኔትወርክ አስቸገረኝ አለች። እናቴ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ እህቴ ለራሷም አንድ ሰዓት ገዛች፤ እኔም በእናቴ ስልክ ላይ አስገባሁላት። ከዚያ ወዲያ እናቴ ስልኩን ከእጇ አታወርድም። «አሁን ተነሳች። አሁን ሻይ እየጠጣች ነው። አሁን ማን አናደዳት?» ትላለች፤ ቁጭ ብለን የሰው ልብ እንደ ሬዲዮ ድራማ መከታተል ሆነ ሥራችን።

አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ምሳ ልበላ እንደመጣሁ እህቴ በእኔ ስልክ ደወለች። በነጋታው ልትፈርም ነው። የእማዬ ልብ ስንት ጊዜ ሆነው ከተረጋጋ፣ ሥራውም እንደምታውቁት ቀላል ነው አለች። እናቴ በአንድ ጆሮዋ እየሰማች የራሷን ስልክ ታያለች።

«አሁን ምን እያደረግሽ ነው ልጄ?»

«ጁምዓ አይደል እማዬ? ተኝቻለሁ።»

እናቴ ስልኳን ወደ እኔ አዞረችው። መቶ ሃያ ሰባት ይላል።

«ትራስሽ ስንት ኪሎ ነው?» አለቻት።

መጀመሪያ እኔ ነኝ የሳቅሁት። እህቴም ሳቀች፣ ሳቋ ግን መሀል ላይ ተቆረጠና የትንፋሿ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«ስንተኛው ፎቅ ላይ ነሽ?» አለች እናቴ።

«ሦስተኛው» አለች እህቴ። «ምንጣፍ ተሸክሜ ነው።»

«ሌላውን ጁምዓስ?»

«ሁሉንም ጁምዓ ነው እማዬ።»

እናቴ ጓዳ ትገባለች ብዬ ጠበቅሁ። አልገባችም። «አስቀምጪው» አለቻት። «ምንጣፉን አስቀምጪና ደረጃው ላይ ቁጭ በይ።» እህቴ ልትከራከር ስትል «ቁጭ በይ አልኩሽ!» አለች። ሁለታችንም አንገታችንን ስልኩ ላይ ደፍተን ጠበቅን። ቁጥሩ መቶ ሃያ፣ መቶ አስር እያለ ወረደ። ዘጠና ሲደርስ እናቴ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«አሁን ስሚኝ። አትፈርሚ። ናፍቀሽኛል። በጣም ናፍቀሽኛል። ነይልኝ።»

ይህን ቃል በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን ከአፏ አላወጣችውም ነበር። እህቴ እየተንሰቀሰቀች «እሺ» አለች። «እሺ እማዬ። እመጣለሁ።» ቃሉን ሳትጨርስ ስልኳ ማዶ ሆኖ መጮህ ጀመረ፣ ያ የእብድ ጩኸቱ።

«እማዬ! ልብሽ! መቶ ሠላሳ ገባ፣ ቁጭ በይ፣ ኪኒኗን አምጡላት!»

«ቁጭ ብያለሁ» አለች እናቴ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ፣ በሁለት እጇ ስልኩን ወደ ደረቷ አስጠግታ። «ተይው ይሩጥ ልጄ። ሊቀበልሽ እየወጣ ነው።»