ጠባቂ የሌለው ቡና

የዞናችንን የወንጀል መረጃ የማጠናቅረው እኔ ነኝ። በቡና ለቀማ ወቅት ስርቆት በየቀበሌው ይጨምራል፤ የሚያዙትም ወጣት ወንዶች ናቸው። ከቴፒ ወጣ ብላ ካለች አንዲት ቀበሌ ግን ሪፖርት መጥቶ አያውቅም። ቢደብቁን ነው ብዬ በባጃጅ ሄድኩ።

የቀበሌው ሽማግሌ ደጅ ላይ ቡና ለፀሐይ ተሰጥቷል። ጠባቂ የለውም፤ ዳር ላይ የተቋጠረ ሣር ብቻ ታስሮበታል። ሹፌሩን ውጭ ትቼ ገባሁ።

«ቡናውን ማን ይጠብቀዋል?» አልኳቸው።

«ሣሩ።»

«ታዲያ ሌባ የላችሁም?»

«አንድ አለ፤ ጻፈው። ወንድ ነው፤ ወጣት።»

«መቼ ሰረቀ?»

ጀርባቸውን ለደጁ እንደሰጡ፣ «አሁን» አሉኝ።

ስወጣ ሹፌሩ የቀኝ እጁን ጭብጥ በግራው ሊፈለቅቅ ይታገላል። በጣቶቹ መሃል ቡና ይታያል።

«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እጄ አልከፈት አለኝ።»