ያጠብኩት ሐውልት

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለባለቤቴም ለፓስተራችንም። አሁንም የምናገረው ድፍረት አግኝቼ ሳይሆን መሸከሙ ስለደከመኝ ነው።

ሜልበርን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅብረታችን እሑድ ከሰዓት የሚያመልከው ከከተማው ዳር ባለ የድሮ የእንግሊዞች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ግቢው ውስጥ፣ ወንዝ ለወሰዳቸው ሦስት እኅትማማቾች የቆመ ሐውልት አለ። የድንጋይ ሽበት ወርሶታል። አጠገቡ፣ በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ስለሆነ አትንኩ የሚል ሰሌዳ ቆሟል። አንብቤዋለሁ። አላነበብኩም ብል ውሸት ነው።

ግን በእኛ አገር መቃብር እንዲህ ሽበት ሲወርሰው ወገን የለውም አይደል የሚባለው? እኔ ሙት ዓመት በደረሰ ቁጥር የአባቴን መቃብር በሳሙና ስፈትግ ነው ያደግሁት። ልጆቹ አሳዘኑኝ። እውነቱን ልናገርና መመስገንም አምሮኝ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከጽዳት ሥራዬ የግፊት ውሃ ማሽኑን ይዤ ሄድኩ። የግቢውን ቁልፍ የሰጡኝ ጋሼ ዘነበ ናቸው፤ ሣሩን በነጻ የሚያጭዱ፣ በዚያ ቁልፍ የሚኮሩ ሽማግሌ።

ድንጋዩ ነጣ። ፊደሎቹም አብረው ረገፉ። የትንሿ ልጅ ስም እንደ ራሰ ብስኩት ተፈርፍሮ እግሬ ሥር ፈሰሰ። ማሽኑን ጠቅልዬ ሸሸሁ።

በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ጋሼ ዘነበን ጠየቁ። የመኖሪያ ፈቃዴ ገና አልመጣም ነበር፤ ብናገር ከአገር የሚያባርሩኝ መሰለኝ። ጋሼ ዞር ብለው አዩኝና "እኔ ነኝ" አሏቸው። ቁልፉን ተቀበሏቸው።

"ጋሼ፣ እነግራቸዋለሁ" አልኳቸው መኪና ማቆሚያው ላይ።

"ወረቀትሽ ይምጣ። ያኔ ትነግሪያቸዋለሽ።"

ሰኞ በቫይበር ግሩፓችን "ለጋሼ እንጸልይ" ተባለ። እኔም "አሜን" ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱ መጣ፤ አልተናገርኩም። ዜግነቱ መጣ፤ አልተናገርኩም። ዛሬ ነገ ስል ዓመታት ሄዱ። ምን እጠብቅ ነበር? እሳቸው የረዘመውን ሣር ባዩ ቁጥር፣ ቁልፉ ያለ ይመስል ኪሳቸውን ይዳስሱ ነበር። አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

ባለፈው ዓመት ቀበርናቸው። ፓስተሩ ሊያጽናናን ብሎ "ሐውልት አጣቢው ጋሼያችን" ሲል፣ ሰው ሁሉ እንባውን እየጠረገ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ለድንጋዩ ይቅር በሉኝ። ፈርቼ ዝም ላልኩበትም ይቅር በሉኝ። ለዚያ ሳቅ ግን ይቅርታ አይገባኝምና አልለምንም።